ከመጻሕፍት ትርጓሜ ወደ ዩኒቨርሲቲ አመራር፦ በነገረ መለኮት ምሁራን ላይ የተነሣ ክርክርና ምላሾቹ

በአንድ የጽሑፍ ውይይት መድረክ ላይ የተነሣው የዚህ ክርክር መክፈቻ ጽሑፍ በአነጋገሩ ጨዋ፣ በአቋሙ ግን ደፋር ነበር። ጠያቂው የተነሣበት ሐሳብ፣ ዕድሜውን በነገረ መለኮት ጥናት ያሳለፈ ምሁር ዩኒቨርሲቲ ለመምራት ከኢኮኖሚስቱም ከመሐንዲሱም የተሻለ ዝግጅት አለው የሚል ነው፤ ይህ ትምህርት ጥንታዊ ቋንቋዎችን፣ ታሪክን፣ ፍልስፍናንና ሕግን አጣምሮ ስለሚያስጠና፣ በእርሱ ያለፈ ሰው ከየትኛውም ፋኩልቲ ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት መነሻ አያጣም ባይ ነው። ለምስክርነት ሦስት ሰዎችን ጠራ፦ በደብሊን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲን የመሩትን ጆን ሄንሪ ኒውማንን፣ የበርሊኑን አዶልፍ ፎን ሃርናክን፣ በአሜሪካ የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲን የመሩትን ካህን ቴዎዶር ሄስበርግን። ቀጥሎም፣ ምሁሩ የማስተማሪያ ወንበሩን ትቶ ወደ ፕሬዚዳንትነት ሲሻገር ሙያው ይሰፋል ወይስ ይቋረጣል ሲል ጠየቀ። ለዚህ 27 ምላሾች ተሰጥተዋል። እያንዳንዱን በእኩል መጠን ለመዘገብ አልሞክርም፤ አንዳንዱ ከራስ ነቀነቃ የማያልፍ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምላሽ 1 ጸሐፊ አመስግኖ ፍሪድሪክ ሽላይርማኸርን ከዝርዝሩ ላይ ጨመረ። የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ1810 ሲከፈት የነገረ መለኮት ፋኩልቲው የመጀመሪያ ዲን የሆኑትና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሬክተር (የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ) ሆነው የተመረጡት ሽላይርማኸር፣ ተቋሙ ገና ሳይመሠረት በ1808 ስለ ዩኒቨርሲቲ ምንነት መጻፋቸውን አስታወሰ። በምላሽ 2 የመጣው ሰው ግን ምስጋናውን ዘሎ ጥያቄውን ከሥሩ ነቀለው። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ቄስ ያልሆነ ፕሬዚዳንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሾመው በ1899 ነው፤ ፕሪንስተን ደግሞ እስከ 1902 ድረስ ጠብቋል። እንዲህ ከሆነ፣ ይላል ጸሐፊው፣ ለረጅም ዘመን ወንበሩ የካህናት ርስት ነበር ማለት ነው፤ ተፎካካሪ ባልነበረበት ውድድር ያሸነፈ ሰው ደግሞ ስለ ችሎታው ምንም አያስረዳም። ሙግቱ ጠንካራ ነው። ምላሽ 3 ግን ክፍተት አገኘበት፦ ካህን መሆንና የነገረ መለኮት ምሁር መሆን አንድ አይደለም። በ1768 ከስኮትላንድ ተጠርተው ፕሪንስተንን የመሩት ጆን ዊዘርስፑን በመጀመሪያ የደብር አገልጋይ ነበሩ፤ ጠያቂው የጠየቀው ግን ከምርምር ስለተነሡት ነው። ይህ ልዩነት እስከ መጨረሻው ቢጠበቅ ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቅ ባልተነሣም ነበር።

ምላሽ 4 በሙሉ እርማት ነው፤ ጸሐፊው ነገሩን በቅርብ እንደሚያውቅ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ሃርናክ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የነበሩት ከ1900 እስከ 1901 ብቻ ነው፤ በጀርመን ሥርዓት ሬክተርነት ፕሮፌሰሮች በየተራ የሚመረጡበት የአንድ ዓመት ኃላፊነት ስለነበረ፣ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። እኚህን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሊቅ መሪ ለመባል ያበቋቸው ሌሎች ሁለት ሥራዎች ናቸው፦ ከ1905 እስከ 1921 የበርሊኑን ቤተ መንግሥታዊ ቤተ መጻሕፍት በበላይነት መሩ፤ በ1911 ደግሞ አዲስ የተቋቋመው የካይዘር ዊልሄልም ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው በ1930 እስኪሞቱ ድረስ ቆዩ። ማኅበሩ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ምርምር ተቋማትን የሚያስተዳድር ነበር፤ ዛሬ ማክስ ፕላንክ ማኅበር በሚል ስም የቀጠለው እርሱ ነው። የጥንት ቤተ ክርስቲያን ጽሑፎችን ሲመረምሩ የኖሩ ሰው እነ ፍሪትዝ ሃበርን የሚያህሉ ሳይንቲስቶች የሚሠሩበትን ድርጅት ሃያ ዓመት ገደማ መሩ ማለት ነው። ጠያቂው በምላሽ 5 እርማቱን በደስታ ተቀበለ፤ እንዲያውም ለእርሱ አቋም ከሬክተርነቱ ይልቅ ይህ የበለጠ ማስረጃ እንደሚሆንለት ገለጸ።

ደስታው ብዙም አልቆየም። የምላሽ 6 ጸሐፊ እነዚሁ ሊቅ በ1914 የጀርመንን የጦርነት አቋም ከደገፉት 93 ምሁራን አንዱ ሆነው መፈረማቸውን አንሥቶ፣ የነገረ መለኮት ትምህርት ለአመራር ይሰጣል የተባለው ማስተዋል በዚያ ቀን የት እንደነበረ በምሬት ጠየቀ። ምላሽ 7 ከዚያው ሰነድ ፈራሚዎች መካከል የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ፕላንክና ራሱ ሃበር እንደሚገኙ አስታውሶ፣ ጥፋቱን በአንድ የትምህርት ዘርፍ ላይ ማሸከም እንደማይገባ ተናገረ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም የምላሽ 7 መከላከያ ጠያቂውን አይረዳውም። ነገረ መለኮት ምሁሩን ከፊዚክስ ሊቁ የተሻለ አስተዋይ ካላደረገው፣ ተለይቶ የሚመሰገንበት ምክንያት ይቀራል።

ክርክሩ እውነተኛ ፍሬ ማፍራት የጀመረው ከምላሽ 8 በኋላ ይመስለኛል። እዚያ ላይ አንድ ሰው ኒውማንን ከምስክርነት መዝገብ ሊሰርዛቸው ሞከረ። ኒውማን በ1852 በደብሊን ስለ ዩኒቨርሲቲ ዓላማ የሰጧቸው ንግግሮች እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ የመሩት ዩኒቨርሲቲ ግን ኅዳር 1854 ተከፍቶ በ1858 ራሳቸው ለቀውት ሄዱ፤ ስለዚህ ጥሩ ተናጋሪ፣ ደካማ አስተዳዳሪ ነበሩ ሲል ፈረደ። ምላሽ 9 ፍርዱ የችኮላ መሆኑን በሁለት ነጥብ አሳየ። የመጀመሪያው፣ ተቋሙ ንጉሣዊ ቻርተር (ከዘውዱ የሚሰጥ የመቋቋሚያ ፈቃድ) ስላልነበረው እውቅና ያለው ዲግሪ መስጠት አይችልም ነበር፤ በ1855 የተከፈተው የሕክምና ትምህርት ቤት ብቻ፣ ተማሪዎቹ በሌሎች የሙያ ኮሌጆች ተፈትነው ፈቃድ ማግኘት ስለሚችሉ፣ ገና ከጅምሩ ተሳካለት። ተመሳሳይ ሬክተር፣ ተመሳሳይ ዘመን፣ የተለያየ ውጤት፤ ልዩነቱን ያመጣው የዲግሪው ዋጋ እንጂ የመሪው ጠባይ አይደለም። ሁለተኛው፣ ኒውማን በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ያለውን የካህናት ማኅበራቸውንም እየመሩ ስለነበር በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለውን ባሕር ከሃምሳ ጊዜ በላይ ተሻግረዋል፤ ይህን ሸክም ማንም ቢሸከመው ያጎብጠዋል።

ምላሽ 10ን የጻፈችው ሴት በዚህ ሁሉ መካከል የተሰወረውን ነገር አወጣችው፤ በእኔ ግምት የክርክሩ ምርጥ ጽሑፍ የእርሷ ነው። የኒውማን ችግር ከበላያቸው የነበረው ሥልጣን መሆኑን ጻፈች። የሾሟቸው ሊቀ ጳጳስ ፖል ካለን በመምህራን ቅጥር ጣልቃ ይገቡ ነበር፤ ውሳኔ የሚጠይቁ ደብዳቤዎችም መልስ ሳያገኙ ይከርሙ ነበር። ኒውማን የገንዘቡን አስተዳደር የሚቆጣጠር ከምእመናን የተውጣጣ ኮሚቴ እንዲቋቋም ፈልገው ነበር፤ ጳጳሳቱ አልፈቀዱም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም የነገረ መለኮት ምሁር ስንነጋገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምን ያህል ተምሯል የሚለው አይደለም፤ ለማን ነው የሚጠየቀው፣ መምህር የመቅጠርና የማሰናበት፣ ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣኑስ በማን እጅ ነው የሚለው ነው አለች። ምላሽ 11 ይህን ደግፎ ሃርናክን መልሶ አመጣቸው፦ በ1888 ወደ በርሊን ሲጠሩ የፕሩሲያ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የበላይ ምክር ቤት ተቃውሞ ነበር፤ መንግሥት ተቃውሞውን ሽሮ ሾማቸው። ደብሊን ላይ ቤተ ክርስቲያን የያዘችውን ሥልጣን በርሊን ላይ የያዘው መንግሥት ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ በምላሽ 6 ለተነሣው ጥያቄም ከፊል መልስ ይሰጣል፤ ከቤተ ክርስቲያን ተቃውሞ በመንግሥት ክንድ የዳነ ምሁር፣ መንግሥት በችግር ጊዜ ሲጠራው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ይህን ግንኙነት ግን በክርክሩ ማንም አላነሣውም።

ከዚያ ተራው የሄስበርግ ሆነ፤ ጨዋነቱም የላላው እዚህ ላይ ነው። ምላሽ 12 ቁጥሮች ደረደረ። ሄስበርግ በ1952 በ35 ዓመታቸው ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 1987 ሲመሩ፣ የኖተርዳም ዓመታዊ በጀት ከ9.7 ሚሊዮን ወደ 176.6 ሚሊዮን ዶላር፣ ቋሚ ፈንዱ ከ9 ሚሊዮን ወደ 350 ሚሊዮን ዶላር፣ የተማሪው ቁጥር ከ4,979 ወደ 9,600 አደገ። ምላሽ 13 ቁጥሮቹን ሳይክድ ዋጋቸውን ቀነሰ፦ በእነዚያ 35 ዓመታት የዶላር የመግዛት አቅም ወርዷል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት በጠቅላላው ተስፋፍቷል፤ በጎርፍ ዘመን የሞላ ወንዝ በጀልባ ቀዛፊው ችሎታ አይመሰገንም። ጸሐፊው በዚህ አላበቃም። ሄስበርግ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1945 አግኝተው በ1948 የሃይማኖት ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ በ1949 የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ስለሆኑ፣ ምሁርነታቸው የጥቂት ዓመታት ብቻ እንደነበረና ጠያቂው በምሁር ስም አስተዳዳሪ እንዳቀረበ ከሰሰ። ክሱ ጠንከር ያለ ቢሆንም መሠረት አለው።

ምላሽ 14 ለክሱ የሰጠው መልስ ግን ያልተጠበቀ ነበር። የሄስበርግ የዶክትሬት ጥናት ርእስ፣ ምእመናን በጥምቀትና በሜሮን በሚቀበሉት ማኅተም ምክንያት በቤተ ክርስቲያን ተልእኮ ስላላቸው ድርሻ ነበር። እኚሁ ሰው በ1967፣ ኖተርዳምን ከመመሥረቱ ጀምሮ በባለቤትነት የያዘው፣ እርሳቸውም አባል ካህን የሆኑበት የቅዱስ መስቀል ማኅበር የበላይ አስተዳደሩን ምእመናን ለሚበዙበት ቦርድ እንዲያስረክብ አደረጉ። ጥናታቸው መደርደሪያ ላይ አልቀረም፤ ከ22 ዓመት በኋላ የአስተዳደር ደንብ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ኒውማን ለገንዘብ ኮሚቴ ብቻ ጠይቀው የተከለከሉትን፣ ሄስበርግ ለተቋሙ በሙሉ አስፈጸሙት። በዚያው ዓመት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ መሪዎችን ሰብስበው፣ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ ከአካዳሚው ውጭ ካለ ማንኛውም ሥልጣን ነጻ መሆን እንዳለበት የሚገልጽ መግለጫ እንዲወጣ ማድረጋቸውንም ጨመረ። በምላሽ 10 የተነሣው ጥያቄ በተግባር ሲመለስ ያየነው እዚህ ነው። ምላሽ 15 ደስታው ልክ እንዳያልፍ አስጠነቀቀ፦ ቦርዱ የምእመናን ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንቱ የማኅበሩ ካህን መሆን አለበት የሚለው ደንብ አልተነሣም፤ በሩ የተከፈተው እስከ አንድ ክፍል ድረስ ብቻ ነው።

ምላሽ 16 የነገሩን ሌላ ገጽ አነሣ። ሄስበርግ የካቲት 1969 ለተማሪዎችና ለመምህራን በጻፉት ደብዳቤ፣ በኃይል የዩኒቨርሲቲውን ሥራ የሚያውክ ሰው ቆም ብሎ የሚያስብበት 15 ደቂቃ እንደሚሰጠውና ከዚያ በኋላ እንደሚባረር አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ደንቡ በ10 ተማሪዎች ላይ ተፈጻሚ ሆነ። ጸሐፊው ይህን የካህን ርኅራኄ ሳይሆን የአዛዥ ትእዛዝ ነው ብሎ ጻፈ፤ የተጠቀመበትን ቃል ከዚህ የከረረ ስለነበር ትቼዋለሁ። ምላሽ 17 በተመሳሳይ ቁጣ መለሰ፦ ደብዳቤው የወጣ ሰሞን ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቢያደንቁትም፣ ሄስበርግ የፌዴራል መንግሥት በዩኒቨርሲቲዎች ላይ የቅጣት ሕግ እንዳያወጣ ተከራክረዋል፤ በ1957 ሲመሠረት ጀምሮ አባል በነበሩበት የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ሊቀ መንበርነት ላይ ሆነው የኒክሰንን መንግሥት ስለ ተቹም በ1972 እንዲለቁ ተደርገዋል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ጸሐፊዎች ስለ ሰውየው ትተው አንዱ የሌላውን ንባብ መናቅ ጀመሩ። አወያዩ ገብቶ ጥቂት መስመሮችን ሰረዘና ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ አሳሰበ፤ ይህም እንደ ምላሽ 18 ተቆጠረ።

ምላሽ 19 ቤንጃሚን ሜይስን ይዞ ሲመጣ የክርክሩ አየር ተለወጠ። በባርነት ከነበሩ ወላጆች በ1894 በደቡብ ካሮላይና የተወለዱት ሜይስ፣ ከ1934 ጀምሮ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ዲን ሆነው ሲሠሩ ዶክትሬታቸውን በ1935 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አገኙ፤ ከ1940 እስከ 1967 ደግሞ በአትላንታ የሞርሃውስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ15 ዓመቱ በ1944 የገባው ማርቲን ሉተር ኪንግ በጸሎት ቤቱ ጉባኤ ላይ የሚሰጡትን ንግግር ይሰማ ነበር፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1968 በቀብሩ ዕለት የስንብት ንግግር ያደረጉትም እርሳቸው ናቸው። ምላሽ 20 ሞርሃውስ ኮሌጅ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም ብሎ አስተካከለ፤ ልክ ነው፣ ለጉዳዩ ግን ብዙ አይጨምርም። ከዚህ የበለጠ የጠቀመን ምላሽ 21 ነው። ጸሐፊው፣ ሜይስ ሥራውን ሲረከቡ የኮሌጁ ካዝና የተራቆተ ስለነበር ከተማሪዎች ያልተከፈለ ክፍያ በመሰብሰብ ረገድ ፍጹም የማይበገሩ እንደነበሩ፣ ተማሪዎቹም በዚህ ምክንያት የቀልድ ስም እንዳወጡላቸው አስታወሰ። ተማሪዎች እንደ ካህን ሲሰሟቸው የቆዩት ሰው የሒሳብ መዝገብ ሲይዙ አልራሩም። ጠያቂው በመክፈቻው ላይ ከዘረዘራቸው ትምህርቶች መካከል ይህ የለም፤ የትኛውም ፋኩልቲ ያስተማረው ነገር አይመስልም።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው የመክፈቻ ጥያቄ፣ የምሁሩ ሙያ ይቋረጣል ወይ ወደሚለው፣ ተመለሱ። ምላሽ 22 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሬይኒ ሃርፐርን አቀረበ። በ1875 ገና በ18 ዓመታቸው ከዬል ዶክትሬት ያገኙት ሃርፐር የዕብራይስጥ መምህር ነበሩ፤ ቋንቋውን በደብዳቤ ጭምር እያስተማሩ ስማቸው ገነነ። በ1891 ፕሬዚዳንት ሆነው ዩኒቨርሲቲውን በ1892 ሲከፍቱ የትምህርት ዓመቱን በአራት ሩብ ከፈሉት፣ የዩኒቨርሲቲውን ማተሚያ ቤት አብረው አቋቋሙ፣ የደብዳቤ ትምህርቱንም የተቋሙ አካል አደረጉት። ማስተማራቸውንም አልተዉም፤ በአሞጽና በሆሴዕ ላይ የጻፉት ትርጓሜ የታተመው በ1905፣ በካንሰር ሊሞቱ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ምሁርነት በአመራር አይቋረጥም ሲል ደመደመ። ምላሽ 23 ድምዳሜውን በቀዝቃዛ አነጋገር አፈረሰው፦ ሃርፐር የሞቱት በ49 ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ሲሠራ የሚመጣውን ለአርአያነት ማቅረብ አይገባም። በዚያ ላይ በጀታቸው በየጊዜው እየጎደለ የዩኒቨርሲቲው ዋና ለጋሽ የነበሩትን የባለሀብቱን የሮክፌለርን አማካሪ ፍሬድሪክ ጌትስን ያስጨንቁ ነበር፤ በ1895ም ኢኮኖሚስቱ ኤድዋርድ ቤሚስ ከዩኒቨርሲቲው ሲሰናበቱ የለጋሹ ጥላ አለበት ተብሎ ብዙ ተጽፏል። እንግዲህ በምላሽ 10 የተነሣው የበላይ ባለሥልጣን ጳጳስ ወይም መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ባለገንዘብም ሊሆን ይችላል።

በምላሽ 24 አንድ ሰው ከራሱ ሕይወት ጻፈ። የነገረ መለኮት ፋኩልቲ ዲን ሆኖ አገልግሏል፤ የት እንደሆነ አልተናገረም። የከበደው ስብሰባው ወይም ደመወዝ ማጽደቁ እንዳልነበረ ገለጸ። የከበደው፣ አንድን አከራካሪ ጥቅስ ለወራት ሳይወስን ይዞ መቆየት የለመደ አእምሮ ከሰዓት በፊት የቀረበለትን የዲሲፕሊን ጉዳይ ከሰዓት በኋላ ቆርጦ እንዲመልስ መገደዱ ነው። ሁሉንም ወገን ሰምቶ ማመዛዘኑን መምህራን በመጀመሪያ እንደ ትሕትና፣ በኋላ እንደ ፍርሃት አዩት። በዚህ ክርክር ውስጥ ስለ ሥራው ጠባይ ከታላላቅ ስሞች ውጭ የተነገረው ብቸኛ ቃል ይህ ሆኖ ሳለ፣ ምላሽ 25 የሄስበርግን 150 የክብር ዶክትሬቶች አንሥቶ ስለ ክብር ዲግሪ ከንቱነት ረጅም ጽሑፍ በመለጠፍ አቋረጠው።

ጠያቂው በምላሽ 26 ተመልሶ አቋሙን አሻሻለ። ትምህርቱ ብቻውን መሪ እንደማያደርግ ተቀብሎ፣ ነገረ መለኮት መሪን የሚጠቅመው ተቋሙ ነጻነት የሚሰጥ ቻርተርና ቦርድ ሲኖረው ነው አለ። የመጨረሻው ጸሐፊ በምላሽ 27 በዚህም አልለቀቀውም፦ ነጻ ቦርድ ካለ ማንም ይመራል፤ ሃርቫርድን ከ1869 እስከ 1909 ለ40 ዓመት መርተው መልኩን የለወጡት ቻርልስ ኤልየት የኬሚስትሪ ሰው ነበሩ። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም፤ መልሱ ግን ምላሽ 14 ላይ ተቀምጧል። ኤልየት ከራሳቸው ማኅበር እጅ ሥልጣን ማውጣት አላስፈለጋቸውም፤ ሄስበርግ ግን የመታዘዝ ቃል ኪዳን የገቡለትን ማኅበር ርስቱን እንዲለቅ ማሳመን ነበረባቸው። እንዲህ ያለውን ማኅበር ለማሳመን የሚበቃ ምክንያት ደግሞ ከአስተዳደር ሳይንስ አይገኝም፤ ጥምቀት ለምእመን ምን ሥልጣን እንደሚሰጥ በማኅበሩ ቋንቋ ማስረዳት የሚችል ሰው ይፈልግ ነበር።